ንጉሡን ከጣራ ላይ ሲጠሩት

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች ነው። እኔ ታምሜ ድኛለሁ። አልጋ ላይ ሳለሁ ግን አባቴ ሞተ፤ እስክድን ድረስም ሞቱን ደበቁኝ። በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድ የኮሪያ የቤተ መንግሥት ድራማ እከታተል ነበር። ሕመሜን ለብቻው፣ አባቴን ለብቻው፣ ድራማውን ለብቻው ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። አብረው ነው የመጡት፤ አብረው እጽፋቸዋለሁ።

የምኖረው አዳማ፣ ከእናቴ ታናሽ እህት ከአክስቴ ሙሉነሽ ጋር ነው። ወላጆቼ መተሐራ ናቸው። የምሠራው ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካለ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ሕመሙን መጀመሪያ ያወቅሁት በቢሮው ደረጃ ላይ ነው። መሃል ላይ ስደርስ ትንፋሽ ያጥረኝና ስልክ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬን እየፈተሽኩ እቆማለሁ። ሰው ሲያልፍ ፈገግ እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ሜሪ፣ ስልክሽ ሁልጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ነው እንዴ የሚጠፋው?» ብሎ ቀልዶብኛል።

ቀጥሎ ማታ ማታ ቀለል ያለ ትኩሳትና ላብ መጣ። «አዳማ ተኝቶ የማያልበው ማን አለ?» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው፤ እኔም በሙቀቱ አሳበብኩ። ከዚያ ቀሚሶቼ ሰፉኝ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን መርምሮ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ የታዘዘልኝን ጨረስኩ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔ ሐኪም ፊት ስቀርብ ቃል ያጥረኛል። «ሌላስ?» ሲሉኝ፣ ውጭ ወንበር ላይ የተደረደረው ሰው ይታየኝና «ሌላ የለም» ብዬ እነሳለሁ።

ድራማውን መጀመሪያ ያየሁት ሦስተኛው ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ረጃጅም ካባ የለበሱ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች ግቢ ሙሉ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አጠገቤ አንዲት ከመቂ ባሏን ልታሳክም የመጣች የሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጣለች። ባሏ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

«ያ ቀዩን የለበሰው ንጉሡ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ታሟል። ግን ማንም እንዲያውቅ አይፈልጉም። ማታ ማታ ነው የማየው። ይሄ» አለች በአገጯ ባሏን እያሳየችኝ፣ «መሃል ላይ ይነቃና ‹ማን ሞተ?› ይለኛል። መልሶ ይተኛል።»

ሳቅሁ። ሳቁ ሳል ሆነብኝ፤ ሳሉም ትንፋሼን ይዞት ሄደ። ተራቸው ሲጠራ ባሏን አልቀሰቀሰችውም። «እሷ ትግባ። የኔ ሰውዬ እንቅልፉን ይጨርስ» አለች ለነርሷ፤ ከዚያ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝና «አብሺር፣ ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው። ያን ቀን አስም ነው ተብዬ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጠኝ። ስለዚያ ክሊኒክ ሳስብ ግን የሚመጣልኝ የእሷ እጅ ነው።

መድኃኒቱ ምንም አልረዳኝም። አክስቴ አንድ ጠዋት ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ስታየኝ መተሐራ ደወለች፤ በማግስቱ አባዬ መጣ።

አባዬ በወጣትነቱ ከመንዝ ወርዶ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ የተቀጠረ፣ ዕድሜውን ሁሉ በእንፋሎት ማሞቂያው አጠገብ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ማሽኑ ያለ ይመስለዋል። ሸንኮራ ተሸክሞ መጣ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየላጠ፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረጠ ይሰጠኛል። ማታ ከዜና በፊት ያ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ሲጀምር፣ መጀመሪያ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ከሳምንት በኋላ የሚጀምርበትን ሰዓት የሚያስታውሰን እሱ ሆነ።

እኔ ድራማውን የወደድኩት በዝምታው ነው። በወረቀት የተሸፈኑት በሮች ሲንሸራተቱ፣ ሴቶቹ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ መናገር የሚፈልገውን ውጦ የሚቀመጥበት ነገር ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አባዬ የወደደው ሴራውን ነው። ተርጓሚዎቹ ንጉሡን «ጃንሆይ» ስለሚሉት ልጅነቱ ትዝ ይለዋል። ሹማምንቱ ተደፍተው «ይግደሉን ጃንሆይ!» ሲሉ፣

«አይገድላቸውም» ይላል። «ቢገድላቸው ነገ ማን ይደፋለታል?»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ እይ።»

«እያየሁ ነው። አገሩን የሚገዛው ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ያ ጃንደረባ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ንጉሡ ስንት ጉርሻ በላ፣ ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው። እኛም ፋብሪካ አንድ እንደዚህ ያለ ጸሐፊ ነበር።»

«እሱም ጺም አልነበረውም?»

«ጺምስ ነበረው። አንጀት ነው ያልነበረው።»

አንድ ምሽት የንጉሡን መኝታ አሳዩ። ንጉሡ አይጋደምም። ከኋላው ትራስ ተቆልሎለት፣ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐኪሙ ከመጋረጃ ወዲያ ሆኖ የእጁን ትርታ ያዳምጥና «ድካም ነው፣ ጃንሆይ» ይለዋል፤ ውጭ ወጥቶ ለጃንደረባው ግን ሌላ ነገር ያንሾካሹካል። አባዬ ከቴሌቪዥኑ ዞሮ እኔን አየኝ። ሦስት ትራስ ደርቤ ግድግዳ ተደግፌያለሁ።

«ሌሊትም እንደዚህ ሆነሽ ነው የምትተኚው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስጋደም ያፍነኛል።»

«ለሐኪሞቹ ነግረሻቸዋል?»

ትራሴን አስተካከልኩ። እሱም እስከ ድራማው መጨረሻ አንድም ነገር አልተናገረም፤ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እኔን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እሱ ቆመ። ተራችን ደረሰ፤ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ዶክተር፣ ልጄ እንደ ንጉሥ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ስትጋደም ያፍናታል» አላት በዚያ በፋብሪካ ድምፁ። በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐኪሟ ግን የምትጽፈውን አቁማ ቀና አለች። ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። አንገቴ ላይ ያለውን ደም ሥር ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ አዘዘች።

ልባችንን አንድ ስስ ሽፋን አቅፎ ይይዘዋል። በእኔ ልብና በሽፋኑ መካከል ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፤ ልቤ ውሃው እየተጫናት በደንብ መምታት አቅቷት ኖሯል። ያመጣው ቲቢ ነው። «ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው» አለችን ሐኪሟ። ከደረቴ ሥር በመርፌ ውሃውን ሲቀዱ አባዬ እንዲገባ ለመነ፤ ግን ወደ ራስጌዬ አላስጠጉትም። ግርጌ ቆሞ በአንሶላው ላይ እግሬን ያዘ። ውሃው ሲወጣ የገባልኝን የመጀመሪያ ሙሉ ትንፋሽ እስክሞት አልረሳውም፤ ከዚያ በፊት መተንፈስ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር።

የስድስት ወር መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሟ ስትሸኘን፣ «ልቧ ዕረፍት ይፈልጋል» አለች። አባዬ ይህችን ቃል ይዞ ወጣ። ቤት እንደገባን አክስቴን በር ላይ አቁሞ ሲነግራት ሰማሁት። «ምንም ክፉ ወሬ እንዳትሰማ። የጎረቤት ሰው እንኳን ቢሞት እንዳትነግሯት። ልቧን ድንጋጤ ከነካው አንድም ቀን አትቆይም።»

ጠዋት ጠዋት ኪኒኔን በሳህን፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። «ጃንሆይ፣ መድኃኒቱ ቀርቧል።»

«ጃንደረባው ሆንክ?»

«ጺሜን ተላጭቻለሁ፤ አላየሽም?»

ወር ገደማ እንዲህ ከረምን። ትንሽ ስበረታ፣ እማዬ ብቻዋን ናት፣ ቤቱንም ልየው ብሎ ተነሣ። «ሳምንት እመለሳለሁ። እስከዚያ ድራማው ላይ የሆነውን ሁሉ ያዢልኝ። ያንን አልጋ ወራሽ እንዳያስበሉት» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝና ወጣ።

መተሐራ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ወደቀ። የደም ግፊት እንደነበረው እሱም አያውቅም ነበር። ይህን ግን ያኔ አልሰማሁም። ያኔ የማውቀው፣ አክስቴ በድንገት «ዝዋይ ስብሰባ አለብኝ» ብላ ለጎረቤት አደራ ሰጥታኝ እንደሄደች፣ ስትመለስም ድምፅዋ ተዘግቶ «ጉንፋን ያዘኝ» እንዳለችኝ ነው።

በአባዬ ፋንታ እማዬ መጣች። ከስታለች። አበባ አበባ ያለበት የአክስቴን ቀሚስ ለብሳለች፤ እማዬ እንዲህ ያለ ልብስ ስትለብስ አይቻት አላውቅም። «አማረብሽ» አልኳት። «አማረብኝ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

«አባዬስ?»

«ወንድሙ ታሞበት መንዝ ወጥቷል።»

«ስልኩ አይሠራም።»

«ኔትወርክ የለም አሉ እዚያ።»

ኔትወርክ የለም ሲባል ማን ይጠራጠራል? አመንኩ።

ከዚያ ጠያቂ በዛ። ከመተሐራ፣ ከወንጂ፣ ከዚያ በፊት ስለ እኔ ያልጠየቁ ዘመዶች መጡ። ከበር ሲገቡ ያዩኛል፣ ፊታቸው ይለዋወጣል፣ አንዳንዶቹ አቅፈውኝ ያለቅሳሉ። አክስቴ «በቃ፣ በቃ፣ በሽተኛ ፊት!» ብላ ታስወጣቸዋለች። ክብደት ጨምሬያለሁ፤ ደረጃ መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ሐኪሟም በየቀጠሮው ተሽሎሻል ትለኛለች። ሰዎቹ ግን ያለቅሳሉ። ድራማው ላይ ንጉሡን «ድካም ነው» እያለ የሚሸነግለውን ሐኪም አሰብኩ። አስቤም ደረስኩበት፦ የምሞተው እኔ ነኝ፤ ሐኪሟን አስምለዋታል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እነሱ እንዳይጨነቁ እንደማላውቅ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ እነሱም እንዳልጨነቅ ይስቁልኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ልቤን በእጄ ይዤ አዳምጣታለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞቴ በፊት አባዬን ማየት። እማዬን በየቀኑ «መቼ ነው የሚመጣው?» እላታለሁ። «ይመጣል» ትለኛለች። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ፣ «ልጁ ታማ ከወንድሙ ጋር ይከርማል?» አልኳት። እማዬ የጠጣሁበትን ብርጭቆ አንሥታ ወጣች።

በድራማው ውስጥ የንጉሡ ልጅ በአባቷ በር ላይ ተቀምጣ ሰነበተች። ልትገባ ስትል ጃንደረባው «ጃንሆይ ዕረፍት ላይ ናቸው» ይላታል። ሴት አሽከሮቹ እንደማይድን ያውቃሉ፣ ሹማምንቱ ያውቃሉ፣ ጠባቂዎቹ ያውቃሉ። እኔም «አንቺ ሞኝ፣ ፊታቸውን አታዪም?» እያልኩ በእሷ እናደድ ነበር።

በመጨረሻ ንጉሡ ሞተ። ያን ምሽት እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አንድ አገልጋይ የንጉሡን ካባ ይዞ በመሰላል ወደ ቤተ መንግሥቱ ጣራ ወጣ። ወደ ሰሜን ዞረ፣ ካባውን በነፋሱ ላይ ዘረጋው፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ ጠራ፤ «ይመለሱ! ይመለሱ! ይመለሱ!» ለካ በአገራቸው ነፍስ ከመራቋ በፊት እንድትመለስ እንዲህ ትጠራለች። ከታች ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ፤ ልቅሶው ከግቢ ወደ ግቢ እየተቀባበለ ሄደ። ወራት ሙሉ በሹክሹክታ የቆየው ነገር ከጣራ ላይ ተነገረ።

«እማዬ፣ ይህን አባዬ ቢያይ!» አልኳት። «ስልክ ሲያገኝ ንገሪው እሺ? ንጉሡን ከጣራ ላይ ጠሩት በይው።»

ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። እማዬ ተነሥታ ወጣች። «ወጡ እያረረ ነው» አለች ከውጭ። እኔም ምስሩን እየለቀምኩ ድራማውን ጨረስኩት።

መድኃኒቱን ልጨርስ ስል በድጋሚ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ውሃው የለም። ልቤ እንደ ሰው ልብ ትመታለች። ሐኪሟ ምስሉን አዙራ አሳየችኝ፤ ያኔ ነው እንዳልዋሸችኝ ያመንኩት። አልሞትም። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ የደስታ መሰለኝ።

ያ ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ በሩ ተንኳኳና ብዙ ሰው ገባ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ስለ ስልኬ የሚቀልድብኝ የሥራ ባልደረባዬም ነበር። ከሁሉም ፊት ጋቢውን የለበሰ ረጅም ሽማግሌ ገባ፤ አጎቴ ነው፤ መንዝ ታሟል የተባለው የአባዬ ወንድም። «ዳነ!» አልኩ በልቤ። እሱ ከዳነማ አባዬም መጥቷል ማለት ነው። አጎቴን ሰላም ሳልለው ከትከሻው በላይ ወደ በሩ አየሁ። አባዬ ጎንበስ ብሎ እስኪገባ ጠበቅሁ። በሩ ተዘጋ።

«ሜሮን» አለ አጎቴ። «አባትሽ አርፏል፣ ልጄ። ቆይቷል።»

እማዬ ከጓዳ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። ጥቁሩ አዲስ አልነበረም፤ ከመታጠብ ብዛት ክርኑ ጋ ነጥቷል። ወራት የተለበሰ ሐዘን ነው። ኋላ እንደነገሩኝ ልብሱን ጎረቤት ቤት ሰቅላው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እዚያ ትለብሰዋለች፣ ስትመለስ አውልቃ የአክስቴን አበባማ ቀሚስ ለብሳ ወደ እኔ ትገባለች። አንድ ጊዜ ጥርሴን ልታከም ብላኝ መተሐራ ሄዳ ነበር፤ ለካ የአርባው ተዝካር ኖሯል።

ለቀናት አላናገርኳትም። ሳናግራትም ደግ ነገር አልነበረም።

«እንዴት አስቻለሽ?»

«አላስቻለኝም።»

«እኔ የምሞት መስሎኝ ነበር፣ እማዬ። ሰው ሁሉ እያየኝ ሲያለቅስ የምሞት መስሎኝ ነበር።»

ይህን አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ክፉ ወሬ እንዳትሰማ ብሎ ነው የሄደው» አለች። «ሌላ ቃል አልተወልኝም። ይህችን አንዷንስ ላፍርስበት?»

ያዘዘው አባዬ ነው። እሷ እንደ ሚስት እንኳን ሳትጮኽለት፣ ምስር እየለቀመች ቃሉን ጠበቀች።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟን ብቻዬን ጠየቅኋት። ዓይኗን ሳላይ፣ ግን ጠየቅኋት። «ያኔ ቢነግሩኝ እሞት ነበር?»

«የመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን እፈራ ነበር» አለች። «ውሃው ከወጣ በኋላ ግን ልብሽ ማልቀስ የሚችል ልብ ነበር። ዕረፍት ስል ከባድ አታንሺ፣ አትሩጪ ማለቴ ነው። የሞተ ሰው መኖሩን ማንም አልነገረኝም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። ስትጋደሙ የሚያፍናችሁ ከሆነ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ካልተዋችሁ፣ «ሌላ የለም» ብላችሁ አትነሡ፤ ውጭ ያለው ሰው ይጠብቅ። የሚያፍር ልጅ ካላችሁ አብራችሁ ግቡ፣ ጮክ ብላችሁም ተናገሩለት። ሞት የደበቃችሁት በሽተኛ ካለ ደግሞ ሐኪሙን ጠይቁት፤ ይህ በሽተኛ ምን ያህል ይችላል በሉት። መደበቃችሁ ስሕተት ነው አልልም። ብሰማ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። ግን በሽተኛው ፊታችሁን ያነባል፤ ያነበበውንም በራሱ ሞት ይተረጉመዋል።

ለመንፈቁ መተሐራ ወረድኩ። ፀሐዩ እንደዚያው ነው፤ ከአገዳው ቃጠሎ የሚመጣው ጥቁር ብናኝ ድንኳኑ ላይ ይወርዳል። የአባዬ የሥራ ባልደረቦች ተራ በተራ መጡ። አንዷ፣ አብራው በአንድ ፈረቃ የሠራች አሮጊት፣ ከሩቅ አየችኝና እጇን ዘርግታ መጣች። አልጋ ላይ መዋሌን ሰምታለች፤ ቆሜ ስታየኝ ፊቷ በራ። «እሰይ፣ እንኳን ማረሽ!» ብላ አቀፈችኝ። እንዳቀፈችኝ ማልቀስ ጀመረች። «እግዜር ያጽናሽ» አለች ጆሮዬ ላይ።

ለፊተኛው «ተመስገን» ይባላል። ለኋለኛው አንገት ይደፋል እንጂ ምንም አይባልም። አንገቷ ውስጥ እንደተወሸቅሁ «ተመስ...» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም።